በጭቃ የተማረ እጅ

እልፍነሽ በሃያ ሁለት ዓመት የልስን ሥራዋ አንድም ቀን ከርብራብ ላይ ወድቃ አታውቅም። ሱሉልታ ላይ ግን አንድ ለጋ ኢንጂነር በአፉ አወረዳት።

ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ ጣሪያውን ትለስናለች። የጣሪያ ልስን ስንቱን ወንድ ያስሸሸ ሥራ ነው፤ የሲሚንቶ ድብልቁን በልስን ማንኪያ ወደ ላይ ወርውረውት ካልያዘ ተመልሶ የሚያርፈው ዓይን ውስጥ ነው። እልፍነሽ የወረወረችው አይመለስም። ግማሹን ጨርሳ ወደ መስኮቱ በኩል ስትጠጋ ኢንጂነሩ ከታች ቆሞ ስሟን ጠራ።

«ውረጂ።»

«ይቺን ጨርሼ። አሁን ካቋረጥኩት መሀሉ ላይ ስፌት ያወጣል።»

«አሁኑኑ ውረጂ አልኩሽ! ከዛሬ ጀምሮ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው እዚህ ሳይት ላይ ማንኪያ አይዝም። አማካሪዎቹ ሊፈትሹ በር ላይ ናቸው።»

«ይሄን ጣሪያ ማን ለሰነው ቢሉህ ምን ልትላቸው ነው?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

ወረደች። መባረሩን እንኳ ትችለው ነበር፤ ያንገበገባት በሷ ቦታ የወጣው ሰው ነው። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ማንኪያውን ግን ሾርባ ሊጠጣበት የተዘጋጀ ይመስል ነበር የጨበጠው።

እልፍነሽ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የእናቷ የቀበሌ ቤት ለመንገድ ሲፈርስ እናትና ልጅ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ቡራዩ ኪራይ ቤት ገቡ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ቡራዩ ውስጥ ቤት እንደ አሸን የሚፈላበት ጊዜ ስለነበር ሥራ አልጠፋም። በቀን ሠራተኛነት ተቀጥራ፣ መልከጼዴቅ ለሚባል ለሳኝ ድብልቅ በባሊ ማቀበል ጀመረች።

መልከጼዴቅ እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት የሆነ ሰው ነበር። ማንኪያውን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም፤ ሴት ከነካችው ደግሞ በሳሙና አሳጥቦ ነው የሚይዘው። እሱ ምሳ ሲወጣ እልፍነሽ ማንም የማያየው ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትገባና ከሱ ያየችውን ትሞክራለች። አንድ ቀን ሳይታሰብ ተመልሶ ያዛት። የለሰነችውን አንድ ሙሉ ግድግዳ ዓይኗ እያየ ፈቅፍቆ ጣለና ፍርስራሹን አሸክሞ ሦስት ፎቅ አስወረዳት። በማግስቱ ግን ያንኑ ግድግዳ እንድትለስን ማንኪያ ወረወረላት። ወረወረላት እንጂ አልሰጣትም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሰደበ አስተማራት። ሙያ በፍቅር የሚሰጥ ነገር ነው ብላ አስባ የማታውቀው ለዚህ ነው።

ወንዳፍራሽ የሚባል ሹፌር አግብታ አንዲት ልጅ ወለደች። ወንዳፍራሽ የሞያሌ መስመር ሲጀምር በዚያው ቀረ። ልጅቷን በልስን አሳድጋ፣ በልስን አስተምራ ዳረች። እናቷንም በልስን ቀበረች። አሁን አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ክረምት ሲመጣ ይጠዘጥዛታል፣ ከዓይኗ ሥር ሲሚንቶ ያቃጠለው ነጭ ጠባሳ አለ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ሰበታ ድረስ የለሰነችውን ግድግዳ ቢደረድሩት አንድ ወረዳ ያጥራል። አንድም ሰው ግን ወረቀት ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ከሱሉልታ በተባረረች በአሥራ አምስተኛው ቀን የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ አየች። በመንግሥት በጀት፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ የሦስት ወር የግንባታ ሙያ ስልጠና። ሲጨርሱ ሰበታ ሄደው ይመዘናሉ፤ ያለፈ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ሴቶች ይበረታታሉ ይላል።

መዝጋቢዋ ባየቻት ጊዜ ፊቷ በራ። የሴቶቹ ቁጥር አልሞላላትም ነበር።

«የልስን ክፍል ውስጥ ቦታ አለ። ሙያ አለሽ?»

«ለሳኝ ነኝ።»

መዝጋቢዋ ብዕሯን አቆመች። «እንደሱ ከሆነ አይሆንም። በጀቱ የተያዘው ሙያ ለሌለው ሥራ አጥ ነው።»

«ታዲያ ሙያ ያለው ሰው ወረቀት የሚያገኘው የት ሄዶ ነው?»

«በግሉ ከፍሎ ነው፤ ክፍያው ደግሞ ቀላል አይደለም። መግባት ከፈለግሽ ‹ሙያ፣ የለም› ብለሽ ሙዪው።»

እልፍነሽ ቅጹን ወሰደች። ‹የለም› የምትለውን ቃል በገዛ እጇ ጻፈች። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ሰው ሰላም ሲላት አልመለሰችም።

ማሠልጠኛው ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አዲስ ግቢ ነው። የልስን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ግድግዳ የሚያካክሉ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለዋል፣ ፕላስቲካቸው ያልተነሳ አርባ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሲሚንቶ የለም። አሸዋ የለም። አሠልጣኙ ሙሴ በመጀመሪያው ቀን «ግዥው ሂደት ላይ ነው» አለ፤ በሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ አለ። ነገሩ ወዲያው ወጣ። ሰኔ ሳያልፍ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ስለሚሆን፣ ቶሎ የሚገዛው ሁሉ ተገዝቷል። ወንበርና ቴሌቪዥን በአንድ ደረሰኝ ይገባል፤ አሸዋና ሲሚንቶ ግን ጨረታው ሁለት ጊዜ ፈርሷል። የሰረቀ ሰው የለም። የተጨነቀም ሰው የለም።

ስለዚህ ከጓሮ ቀይ አፈር ተቆፍሮ ጭቃ ተቦካ። ሠልጣኞቹ ጠዋት በጭቃው ግድግዳውን ይለስናሉ፤ ከሰዓት ፈቅፍቀው ያወርዱታል። ያወረዱትን በነጋታው ውሃ አርከፍክፈው ያንኑ መልሰው ይለጥፋሉ። እንዲህ ሲሆን አንድ ወር አለፈ።

ሙሴ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የተመረቀ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ የማይወጣ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ግን መሳቂያ መሆንን እንደ ሞት ይፈራል። እልፍነሽ ደግሞ ሰው የሚፈራው ነገር ላይ ጣቷን የማሳረፍ ልማድ አለባት።

«ጭቃው ሲደርቅባችሁ ውሃ ጨምሩበት» ሲል ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ብለህ አታስተምራቸው።»

ሙሴ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ጭቃ ይጠብቅሃል። ሲሚንቶ አይጠብቅም። ሊደርቅ የጀመረ ሲሚንቶ ላይ ውሃ ከጨመርክ ያን ቀን ያማረ ይመስላል፤ ከርሞ በእጅ ጀርባ ስትመታው እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። ከዚያ ይወድቃል። እነዚህ ልጆች ይሄን ከለመዱ አንድ ቀን ሰው ይገድላሉ።»

«ሲሚንቶ ሲመጣ በሲሚንቶ እናስተምራለን።»

«እጅ እንደ ጥቁር ሰሌዳ አይጠረግም፤ አንዴ የለመደውን ለምዶታል። አንተ ራስህ በሕይወትህ አንድ ክፍል ለስነህ ታውቃለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሙሴ ጆሮ ቀላ። «እልፍነሽ፣ ቅጹ ላይ ‹ሙያ የለኝም› ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። እዚህ ሠልጣኝ ነሽ። ጸጥ ብለሽ ሠልጥኚ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሟን መጥራት ተወ። ስም ሲቆጣጠር እንኳ በዓይኑ ያልፋታል። ጥያቄ ብታነሳ አይሰማም፤ ትክክል ብትሠራም ፈቅፍቂው ይላታል። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ላይ ከሷ ጋር ሆነው ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን መሸሽ ጀመሩ። በተለይ ደራርቱ። ደራርቱ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ወደ እናቷ ቤት ከነልጇ የተመለሰች፣ ለሁለት ዓመት በየቢሮው በር ሥራ ስትለምን የኖረች ናት። ከሌሎች ስምንት ሠልጣኞች ጋር ማኅበር አቋቁማ የመንግሥት ሥራ ለመውሰድ ከወዲሁ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ማኅበሩ የሚመዘገበው ወረቀቱ ሲኖር ነው።

«እትዬ እልፍነሽ፣ እባክሽ ዝም በይ» አለቻት አንድ ቀን። «እኛ እዚህ የመጣነው ወረቀቱን ፈልገን ነው።»

«ወረቀቱ ጣሪያ አይይዝልሽም።»

«አንቺን ጣሪያ የያዘ እጅሽ ምን ጠቀመሽ? ከኛ ጋር ነው የተቀመጥሽው።»

እልፍነሽ ጭቃዋን መፈቅፈቅ ቀጠለች። የዚያን ዕለት ደራርቱን ጠላቻት። እውነት የተናገረን ሰው ከመጥላት የበለጠ ጥላቻ የለም።

ሦስተኛው ወር ሲጋመስ፣ በጀቱን የሰጠው ቢሮ ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ግቢው ታመሰ። ሲሚንቶ በአንድ ቀን ውስጥ መጣ! አሸዋውም መጣ። ነገር ግን ሠልጣኞቹ እንዳይነኩት ተከለከሉ። የማሠልጠኛው ዲን ከውጭ አራት ለሳኞች አስጠርቶ አንዱን ክፍል ከጣሪያ እስከ ወለል አስለሰነ። እልፍነሽ ሁለቱን ከሳይት ታውቃቸዋለች። አንደኛው ከርብራብ ላይ ሆኖ አያትና ማንኪያውን ጣለ።

«እልፌ! አንቺ ተማሪ ሆንሽ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኛ ምን ልንሆን ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት?»

በማግስቱ ለሠልጣኞቹ አዲስ ቱታና ቢጫ ሄልሜት ታደለ፤ ሲመሽ ይመለሳል ተብሎ አስፈረሙበት። የተለሰነው ክፍል በር ላይ ‹በሠልጣኞቻችን የተሠራ› የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሙሴ ስምንት ሴቶች መርጦ ማንኪያ እያስያዘ ግድግዳው ሥር አቆማቸው። እልፍነሽን ሊያልፋት ፈልጎ ነበር፤ ሴት ስላነሰው ግን አቆማት። አጠገቧ የቆመችው ደራርቱ ነበረች።

ጎብኚዎቹ አምስት ነበሩ። የምትመራቸው መነጽር ያደረገች፣ ድምፀ ቀጭን ወይዘሮ ነበረች። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ እልፍነሽ ዞረች።

«በጣም ያምራል። ያንቺ ሥራ የቱ ነው?»

ሙሴ ቀደመ። «ይሄ ሁሉ የነሱ የእጅ ሥራ ነው።»

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

ደራርቱ በክርኗ ጎሸመቻት። እልፍነሽ የዲኑን ፊት አየች፣ የሙሴን ፊት አየች። ‹የለም› ብላ የጻፈችው ቅጽ ትዝ አላት። ሁለተኛ በገዛ እጇ ራሷን መካድ አቃታት።

«የኔ እጅ የለበትም» አለች። «የማናችንም እጅ የለበትም። ትናንት አራት ሰዎች ናቸው የለሰኑት፤ ገና እርጥብ ነው፣ በመዳፍሽ ይታወቅሻል። የኛን ማየት ከፈለግሽ ጓሮ ነው።»

ሴትየዋ ዲኑን ሳታይ ወደ ጓሮ ተከተለቻት። እልፍነሽ የተፈቀፈቀውን የጭቃ ክምር አሳየቻት። «ሦስት ወር ሊሞላን ነው፤ ሲሚንቶ ነክተን አናውቅም።» ወይዘሮዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ብዙ ጻፈች። አመሰገነቻት። ማን እንደሆነች፣ ነገ ምን እንደሚደርስባት ግን አልጠየቀቻትም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

በሳምንቱ ‹ጉዳዩ እስኪጣራ› ተብሎ ስልጠናው ታገደ። ምዘናው የሚሰጥበት ቀን ቀድሞ ተይዞ ስለነበር አልተሰረዘም፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሩ ግን ተቆልፏል፣ አሠልጣኝም የለም። ዲኑ አልተነካም። ሙሴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት።

በማግስቱ ጠዋት እልፍነሽ በሯን ስትከፍት ከላይ እስከ ታች ጭቃ ተለጥፎበት አገኘች። ቀይ ጭቃ ነው። ለጣፊው ማን እንደሆነ ባታውቅም እጁ የተማረ እጅ ነው፤ ጠርዙን ሳይቀር አስተካክሎታል። እሱን በመፈቅፈቅ ላይ ሳለች አሥር የሚሆኑ ሠልጣኞች መጡ። ከፊት ደራርቱ ነበረች።

«ኑ ባሌሲቴ!» ብላ ጮኸች። «አጠፋሽን! ማን ጠይቆሽ ነው?»

«ሴትየዋ ጠየቀችኝ።»

«ሴትየዋማ መኪናዋን ነድታ ሄደች! አንቺ እጅ አለሽ፤ ነገ ከፍለሽ በግልሽ ትመዘኛለሽ። እኛስ? በጭቃ ነው የምንመዘነው? ማኅበራችን ምን ይሁን? ልጄስ?»

«ወረቀት ብትይዙስ ምን ልትለስኑበት ነበር?»

«ሠርተን እንለምደው ነበር! አንቺ ራስሽ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ለመድኩ አላልሽንም? እኛ ላይ ሲደርስ ነው ሙያው ሕግ የሚያወጣው?»

አንዱ ድንጋይ አነሳ፤ ሌላው እጁን ያዘው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። እልፍነሽ በሩን ዘግታ ገባች፤ ውጭ የሚሳደቡትን አንድ በአንድ ሰማች። ሲሄዱ አላለቀሰችም። ተናደደች። ቆይቶ ግን ንዴቷ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ገባበት፤ ልጅቷ የተናገረችው አንድም ሐሰት የለበትም።

ከሰዓት ወደ አከራይዋ ወደ ኦቦ ኦዳ ሄደች። ኦቦ ኦዳ ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ ከምትኖርበት ክፍል ጎን ብሎኬቱ እንደተገጠገጠ አራት ዓመት የቆየ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አላቸው።

«አካም ጅርታ፣ እልፌ? ጠዋት ምንድን ነው ያ ሁሉ ጩኸት?»

«ፈያ፣ ኦቦ። ይሄን ቤት ላስለስንልዎ መጥቼ ነው። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ ይግዙ።»

ሽማግሌው ተጠራጠሩ። «ማን ነው የሚለስነው?»

«ጠዋት ሲሰድቡኝ የነበሩት።»

«ማሎ! እነዚያ ልጆች? ቤቴን ቢያበላሹብኝስ?»

«ያበላሹትን እኔ ፈቅፍቄ እንደገና እለስናለሁ። ከአፌ የወጣ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ኦቦ ኦዳ። «ግን ጩኸት አልፈልግም።»

ጩኸቱ ግን አልቀረም። እልፍነሽ በየቤታቸው እየሄደች አሥራ ሁለት ሰው ጠራች፤ ሰባት መጡ። ደራርቱ መጨረሻ ላይ መጣች፤ ሰላም ሳትል ባሊ አነሳች። ማስተማር ይባል እንጂ አሥራ ስምንት ቀን የተጣሉበት ነው። እልፍነሽ የምታውቀው የማስተማር ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመልከጼዴቅ። ብሎኬቱን ውሃ ሳያጠጣ የለሰነ ሰው ሥራው ወዲያው ይፈቀፈቃል። ቱንቢውን ሳይጥል ‹ቀጥ ብሏል› ያለ ሰው ቱንቢው አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። በአራተኛው ቀን ደራርቱ ድብልቁ ጠጠር ሲልባት፣ ማሠልጠኛው ውስጥ እንደለመደችው ውሃ ጨመረችበት። እልፍነሽ ባሊውን በእግሯ ገለበጠችው። ግራጫው ድብልቅ የደራርቱን ጫማ ሸፈነው።

«ይሄ የሽማግሌው ንብረት ነው!» አለች ደራርቱ።

«ይሄ ባሊ ጣሪያ ላይ ቢወጣ የሰው ሬሳ ነው! ሲሚንቶ ሁለቴ ውሃ አይጠጣም። የምትጨርሽውን ያህል ብቻ አቡኪ።»

ደራርቱ ማንኪያዋን ወርውራ ወጣች። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። ግማሽ ባሊ ብቻ አቦካች።

በሁለተኛው ሳምንት ሙሴ መጣ። ሸሚዙ እንደወትሮው የተተኮሰ ነው፤ ፊቱ ግን ከስቷል። በሩ ላይ ቆሞ «ይሄ ፈቃድ የሌለው ስልጠና ነው» አለ። «ሪፖርት ይደረግባችኋል።»

እልፍነሽ ከርብራብ ላይ ሳትወርድ ማንኪያዋን በእጀታው በኩል ዘረጋችለት። «መጥተሃል፤ እንግዲያው ውጣና አሳያቸው። ሦስት ወር የነገርካቸውን ሦስት ጊዜ ብቻ ወርውር።»

ሁሉም ያዩታል። ሊሄድ ይችል ነበር። እልህ ያዘውና ወጣ። የመጀመሪያው ውርወራ ተመልሶ ትከሻው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ደረቱ ላይ። ሦስተኛውን ሲወረውር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ግንባሩ ላይ አረፈ። ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። እልፍነሽ አልሳቀችም። ውሃ በጣሳ አቀበለችው፤ ፊቱን ሳይታጠብ ጣሳውን አስቀምጦ ወጣ። ያን ጊዜ የሠራችው ነገር ልክ እንዳልነበረ ገብቷታል፤ ሰውየው ሲሄድ ጀርባው ላይ ያየችውን ውርደት ከሱሉልታ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን አልጠራችውም።

የምዘናው ቀን ስምንቱም በዓለም ገና አድርገው ሰበታ ሄዱ። በሩ ላይ ስም ሲጠራ ሰባቱ ተጠሩ። እልፍነሽ አልተጠራችም።

«ተቋሙ በላከው ዝርዝር ውስጥ የለሽም» አለ መዝጋቢው።

«ከሁሉም በፊት የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።»

«ተሰርዟል። ያቋረጠች ይላል። ቅሬታ ካለሽ ተቋሙን ጠይቂ።»

ማን እንደሰረዘው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ስም የሚቆጣጠረው ሙሴ ነበር። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰባቱ እስኪወጡ ጠበቀች። ለምን እንደጠበቀች ራሷም አታውቀውም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወጡ። ከሰባቱ አራቱ አለፉ። ደራርቱ ከአራቱ አንዷ ናት። በአጠገቧ ስታልፍ ለአፍታ ቆም አለች።

«ጣሪያ ነው የደረሰኝ» አለች።

«ያዘ?»

«ያዘ።»

ከጓደኞቿ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባች። ለእልፍነሽ ቦታ አልያዙላትም።

እልፍነሽ ከሁለት ወር በኋላ በግሏ ከፍላ ተመዘነች። መዛኙ ሥራዋን አይቶ ‹የት ነው የሠለጠንሽው?› አላት። ‹መጸዳጃ ቤት› ስትለው የቀለደች መስሎት ሳቀ። ወረቀቱን አገኘች፤ በላስቲክ ሸፍና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ችግሩ አሁን ወረቀት አልነበረም። ወሬው ከሷ ቀድሞ ሳይቶቹን አዳርሷል። አንድ ፎርማን ወረቀቷን አገላብጦ አየና መለሰላት።

«ወረቀትሽም እጅሽም ጥሩ ነው፣ እልፌ። አፍሽ ነው ያስቸገረን። እኛም ጋ እንግዳ ይመጣል።»

ለአምስት ወር ትልቅ ሥራ አላገኘችም። የተሰነጠቀ አጥር፣ የፈረሰ የመታጠቢያ ቤት ጥግ እየጠጋገነች ኖረች። ማሠልጠኛው ውስጥ አዲስ ሠልጣኞች ገብተው በሲሚንቶ እየተማሩ ነው ሲሉ ሰማች። የሲሚንቶው በጀት የተፈቀደው በዚያች መነጽር ባደረገች ሴት ሪፖርት ነው አሉ። ለእልፍነሽ ይሄን የነገራት ሰው ደስ ይላታል ብሎ ነበር። «እንኳን ተማሩ» አለችና በሩን ዘጋችበት።

መስከረም ላይ ደራርቱ መጣች። ማኅበሯ ዓለም ገና ያለ ትምህርት ቤት ስድስት ክፍል ሊለስን ሥራ ወስዷል። ቱታ ለብሳለች፣ እጇ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ግድግዳውን ጨርሰናል» አለች። «ጣሪያው እኔ ካለሁበት ክፍል በስተቀር በሁሉም እየወደቀ ነው። ልጆቹ አልቻሉትም።»

«ታዲያ?»

«መጥተሽ ሥሪ። እንደማንኛውም ሰው የቀን ሒሳብሽን ታገኛለሽ። ወድጄሽ እንዳይመስልሽ።»

«እኔም አልወድሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ድብልቁ ላይ የመጨረሻው ቃል የኔ ነው» አለች እልፍነሽ። «ሌላ ሰው ውሃ ሲጨምር ካየሁ እገለብጣለሁ። አንቺም ወረቀት ይዘሽ አትዞሪም፤ ከኔ ጋር ጣሪያው ላይ ትወጫለሽ።»

«እኔ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነኝ።»

«ሊቀመንበር አንገት የለውም?»

ደራርቱ ልትስቅ አስባ ከንፈሯን ነከሰች። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ» ብላ ሄደች።

እልፍነሽ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ የማኅበሩ ልጆች ማውራታቸውን አቆሙ። ከድሮዎቹ ሁለቱ ሰላም አላሏትም፤ አንዱ መሬት ላይ ተፋ። እልፍነሽ ርብራቡን ወዝወዝ አድርጋ ጥንካሬውን ካየች በኋላ ወጣች። ደራርቱ በክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ወጣች። ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ተነስተው እርስ በርስ ሳይተያዩ መወርወር ጀመሩ። የእልፍነሽ ይፈጥናል፤ የደራርቱ ቀስ ይላል፣ ግን አይወድቅም። አንዴ ብቻ አንድ ቁራጭ ሲወድቅባት ደራርቱ ረገመች፤ እልፍነሽም ሳትዞር «ክንድሽን ሳይሆን የእጅሽን አንጓ ተጠቀሚ» አለቻት።

ከምሳ በፊት መሀል ላይ ተገናኙ። ደራርቱ በማስተካከያ ጣውላው ሁለቱ ልስን የተገጣጠሙበትን ቦታ አንድ ሁለቴ ሳበችና ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ቀጣዩ ክፍል ሰባት ሰዓት ላይ ይጀመራል» አለች፣ ስሟን ሳትጠራ።

«አሸዋውን በደንብ ይንፉት» አለች እልፍነሽ። «የዛሬው ጠጠር ነበረበት።»